«ካንደር» በአማርኛ ምን ይባላል? ቅንነት ወይስ ግልጽነት?

ተርጓሚ_አዳማ

ሰላም ለዚህ ቤት። ለጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ አንድ የእንግሊዝኛ ማሠልጠኛ ጽሑፍ እዚህ አዳማ ወደ አማርኛ እየተመለሰ ነው። «ካንደር» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይመላለሳል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ሁሉም ቦታ «ግልጽነት» ተብሎ ገብቷል። ችግሩ ዓረፍተ ነገሮቹ ሲነበቡ ስለ ጨረታና ስለ በጀት የሚያወሩ ይመስላሉ፤ ነርሷ ለታካሚዋ ምን ማለት እንዳለባት አይነግሩም።

ልጠይቃችሁ። ቃሉ ከ«ሐቀኝነት» በምን ይለያል? መዝገበ ቃላቱ ሥሩ በላቲን «ንጣት» ነው ይላል፤ ንጣት እንዴት ሆኖ ንግግር ሆነ? ደግሞ በመግቢያው ላይ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የተወሰደ የአንድ ደብዳቤ ቁራጭ አለ። ጸሐፊው አንባቢውን ስለ «ካንደር»ዎ አመሰግናለሁ ይለዋል፤ አንባቢው ግን ገና ምንም አልተናገረም። እዚያ ላይ «ግልጽነት» ጭራሽ አይገባም። ያሰበውን ሳይፈራ የሚናገር ለማለት የሚነገረው «ፍራንክ» የሚባለውስ ቃል የዚህ ዘመድ ነው?

ፊደል_ቆጣሪ

እህቴ፣ የደብዳቤው ነገር ግራ ያጋባሽ በከንቱ አይደለም፤ ቃሉ ያን ጊዜ ሌላ ትርጉም ነበረው። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ የዛሬውን ትርጉም እንያዝ። ሐቀኛ ሰው አይዋሽም። ካንደር ያለው ሰው ደግሞ አይዋሽም ብቻ ሳይሆን አይደብቅም። ለታካሚ 250 ሚሊ ግራም ታዝዞለት 500 ተሰጠው እንበል። ታካሚው «ምን ያህል ሰጣችሁኝ?» ብሎ ሲጠይቅ እውነቱን የምትነግረው ነርስ ሐቀኛ ናት። ሳትጠየቅ አጠገቡ ሄዳ «የተሰጠዎት መጠን ከታዘዘው እጥፍ ነው» የምትለው ናት ካንደር ያላት። በሕግ ሙያም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር ሞዴል ደንብ ቁጥር 3.3 ለፍርድ ቤት ስለሚገባው ካንደር የተጻፈ ነው፤ ጠበቃው ደንበኛውን በቀጥታ የሚጎዳ ገዥ ሕግ ካወቀና ተቃራኒው ወገን ካላነሳው ራሱ ለዳኛው እንዲገልጽ ያስገድደዋል። ዝም ቢል አልዋሸም፤ ካንደሩ ግን ጎድሏል።

አማርኛችን ይህን ሐሳብ በስም ሳይሆን በግስ ነው የሚናገረው። ሳይሸሽጉ መናገር፣ አለማድበስበስ፣ እቅጩን መንገር፣ ፍርጥ ማድረግ፣ ዙሪያ ጥምጥም አለመሄድ፤ ሁሉም ግስ ነው። የእንግሊዝኛውን ስም በአማርኛ ስም ልተካ ያለ ሰው ከመንገድ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

«ግልጽነት» ለምን የበጀት ሽታ እንዳለው ደግሞ ታውቂዋለሽ። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ግልጽነትና ተጠያቂነት» ተጣምሮ ተለጥፏል። ያ «ትራንስፓረንሲ» የሚባለው ነው፤ የተቋም አሠራር ለውጭ ሰው መታየቱ። ካንደር ግን የአንድ ሰው አንደበት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግሱን ጨምሪበት። «በግልጽ መናገር» ስትይ ነገሩ ከግድግዳው ወርዶ ወደ ሰው አፍ ይመለሳል። ሥረ ቃሉ ራሱ ጥሩ ነው፤ ድስት ገለጠ፣ ፊቷን ገለጠች እንደምንለው ክዳንን ማንሳት ነው።

አሁን ወደ ንጣቱ። ላቲን ሁለት ነጭ ነበረው። «አልቡስ» የማያበራው፣ ደብዘዝ ያለው ነጭ ነው። «ካንዲዱስ» ደግሞ የሚያብረቀርቀው ነጭ ነው። ግሱ «ካንዴሬ» ማብራት፣ ግሎ መንጣት ነው፤ ብረት ፍም ውስጥ ቆይቶ ከቅላት ወደ ንጣት ሲያልፍ እንደሚሆነው። ሻማ በላቲን «ካንዴላ» የተባለው ከዚሁ ነው፤ ዛሬም ካንዴላ የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ሆኖ ከሰባቱ ዓለም አቀፍ መሠረታዊ መለኪያዎች አንዱ ነው። ክሩ ግሎ የሚያበራው የድሮ አምፖል በእንግሊዝኛ «ኢንካንደሰንት» መባሉም ከዚያው ሥር ነው። ሮም ውስጥ ለሹመት የሚወዳደር ሰው ቶጋ የሚባለውን ልብሱን በጠመኔ አንጥቶ አደባባይ ይወጣ ነበርና «ካንዲዳቱስ»፣ ማለትም ነጭ የለበሰ፣ ተባለ፤ እኛ ዕጩ የምንለው «ካንዲዴት» እሱ ነው። የምትተረጉሚው ለጤና ባለሙያዎች ስለሆነ ይቺንም ልጨምር፤ አፍ ውስጥ ነጭ ሽፋን የምታወጣው «ካንዲዳ አልቢካንስ» የምትባል ፈንገስ በአንድ ስሟ ሁለቱንም የላቲን ነጮች ተሸክማለች።

ከዚያ ምሳሌያዊው ትርጉም ተከተለ። የነጣ ማለት ያልቆሸሸ፣ ያልቆሸሸ ልብ ማለት ተንኮል የሌለበት፣ ተንኮል የሌለበት ሰው የማያዳላ፣ በመጨረሻም በሆዱ የሚደብቀው የሌለው። እንግሊዝኛ እዚህ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ፈረንሳይኛ ግን መሀል ላይ ቆሟል፤ በፈረንሳይኛ «ካንደር» ዛሬም የዋህነት ነው፣ ዓለምን ያላወቀ ልጅ ዓይነት። ስለዚህ በማሠልጠኛው ውስጥ የፈረንሳይኛ ጥቅስ ካለ እንዳትሳሳቺ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሥሩን ለማስረዳት ብለሽ ጽሑፉ ውስጥ «ነጭ ንግግር» ምናምን እንዳትፈጥሪ። በአማርኛ «ነጭ ውሸት» ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ማንንም የማይጎዳ፣ ለሰው ስሜት ተብሎ የሚነገር ትንሽ ውሸት። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፣ አንባቢው ይጠፋብሻል።

ደብዳቤው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት ይህን ቃል ሲፈታ የጠባይ ልስላሴን፣ የአእምሮ ንጽሕናንና ደግነትን ከግልጽነት ጋር አብሮ አስቀምጦታል። በዚያ ዘመን ካንደር ያለው ሰው የሚባለው የሌላውን ሥራ በመልካም የሚተረጉም፣ ክፉ የማያስብ፣ ሳያዳላ የሚፈርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1776 የወጣው የአሜሪካ የነጻነት መግለጫ ማስረጃውን «ለካንዲድ ዓለም» (ካንዲድ የካንደር ቅጽል ነው) አቀርባለሁ ሲል፣ ዓለም በግልጽ ይናገር ማለቱ አይደለም፤ ለማያዳላ ዓለም ማለቱ ነው። ለዚህ አማርኛ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ ቅንነት። ደብዳቤሽ «ስለ ቅንነትዎ አመሰግናለሁ» ቢባል ምንም አይጎድለውም።

ለመለየት እንዲህ አድርጊ። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ካንደሩ የሚጠበቀው ከማን ነው? ከሰሚው ወይም ከአንባቢው ከሆነ ቅንነት ነው፤ ከተናጋሪው ከሆነ ሳይደብቁ መናገር ነው። ዓመተ ምሕረቱ ይረዳል፣ ግን በእሱ ብቻ አትተማመኚ፤ ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን የኖሩበት ዘመን ረጅም ነው።

ወንጂ_ማዶ

የፍራንክን ነገር እኔ ልመልስ። በሥር ዘመድ አይደሉም፤ በትርጉም ነው የተገናኙት። አንዱ ከብርሃን መጣ፣ ሌላው ከነጻነት።

ፍራንኮች የጀርመን ነገድ ነበሩ። የዛሬዋን ፈረንሳይ ከ5ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ሲይዙ ሙሉ ነጻ ሰው የሚባለው ድል አድራጊው ፍራንክ ስለነበር፣ የነገዱ ስም «ነጻ» ማለት ሆነ። እንግሊዝኛ ቃሉን ከፈረንሳይኛ ሲወስደው መጀመሪያ ነጻ፣ ለጋስ ማለት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው ምላሱ ነጻ የሆነ፣ ያሰበውን ሳይፈራ የሚናገር ማለት የሆነው። ድሮ ባሪያና ገባር ያሻውን አይናገርም፤ ስለዚህ አመጣጡ ሲታሰብ ያስኬዳል።

የዚህ ቃል ልጆች እኛ ቤት ሞልተዋል፣ ልብ ስለማንል ነው እንጂ። ዐረቦች የምዕራብ አውሮፓን ሰው ሁሉ በፍራንኮች ስም ይጠሩት ነበር፤ ግዕዙ «አፍርንጅ» ያለው፣ እኛ «ፈረንጅ» የምንለው ያው ነው። ፈረንጅና ፍራንክ ወንድማማች ቃላት ናቸው። «ፍራንክ የለኝም» የምንለው ገንዘብም ከዚያው ነው፤ የመጀመሪያው የፈረንሳይ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1360 በእንግሊዞች የተማረከውን ንጉሥ ዳግማዊ ዣንን ማስለቀቂያ ለመክፈል የተመታ የወርቅ ሳንቲም ነበር። ጅቡቲ ዛሬም የምትገበያየው በፍራንክ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለስ አስመጪ ሁሉ የሚያውቀው «ፍራንኮ ቫሉታ»ስ? «ፍራንኮ» በጣሊያንኛ ነጻ ነው፤ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠየቅበት የሚገባ ዕቃ። በእንግሊዝ ደግሞ የፓርላማ አባል ፖስታው ላይ ስሙን ሲፈርምበት ደብዳቤው ያለ ክፍያ ይሄድ ነበር፤ ያ ፊርማ «ፍራንክ» ይባል ነበር፣ ልማዱም እ.ኤ.አ. በ1840 ቀርቷል።

በአጠቃቀም ግን ሁለቱን አትቀላቅዪ። ፍራንክ ስለ ሌላው የምትናገሪውን ያጠቃልላል፤ የሚጎረብጥ ቢሆንም ይነገራል። ካንዲድ ብዙ ጊዜ ስለ ራስ ነው፣ ራስን የሚያጋልጥ እውነት። «ስለ ስህተቱ ካንዲድ ነበር» ይባላል። «ብለንት» የሚለው ሦስተኛው ቃል ደግሞ በቁሙ ዱልዱም ነው፤ ለሰው ሲነገር የሰሚውን ስሜት ሳይጠብቅ የሚዘረግፍ ማለት ነው። በአማርኛ ዱልዱም ሰው ብትዪ ፈዛዛ ስለሚመስል በቁሙ አይተረጎምም። በዜና ላይ ሁለት መንግሥታት «ፍራንክ ውይይት» አደረጉ ሲባል ደግሞ በዲፕሎማሲ ቋንቋ አልተስማሙም ማለት ነው። «ግልጽ ውይይት» ብሎ መተርጎም ዜናውን ያለሰልሰዋል፤ «ልዩነታቸውን ሳይሸሽጉ ተነጋገሩ» ይሻላል።

በመጨረሻ የእጣንን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የእንግሊዝኛው የእጣን ስም «ፍራንክኢንሰንስ» ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ያው ፍራንክ ነው፤ በድሮ ፈረንሳይኛ ለዕቃ ሲነገር ምርጥ፣ የጠራ ማለት ነበር። ሁለተኛው ግማሽ «ኢንሰንስ» ከላቲን «ኢንቼንዴሬ» ነው፣ ማቀጣጠል፤ ይህ ግስ ፊደል ቆጣሪ ከጠቀሰው «ካንዴሬ» ጋር አንድ ሥር ነው። ሁለቱ የግልጽነት ሥሮች በአንድ ቃል የተገናኙት በእጣን ስም ላይ ነው፤ ትግራይና መተማ ላይ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ሙጫው በሚወጣው ዛፍ ስም።

አዲስ_ገባ

የእጣኑን አላውቅም ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን «ሲንሲር» የሚለውስ? «ያለ ሰም» ማለት ነው ይባላል፤ የሮም ቀራጮች የእብነ በረድን ስንጥቅ በሰም ይደፍኑ ነበርና ያለ ሰም የሆነው እውነተኛ ነው ተብሎ። ከሰምና ወርቅ ጋር ስለሚገጥም ለማሠልጠኛው ጥሩ መግቢያ ይሆናል ብዬ ነው።

ፊደል_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ታሪኩ ያምራል፣ እውነት ግን አይደለም። የላቲኑ «ሲንኬሩስ» ሙሉ፣ ንጹሕ፣ ያልተቀላቀለ ማለት ነው፤ ሥሩም «አንድ» ከሚለውና «ማደግ» ከሚለው ግስ ነው፣ በአንድ ወጥ ያደገ እንደማለት። የቀራጮቹ ወሬ በድምፅ መመሳሰል የተፈጠረ ነው። ስለ እውነት መናገር በሚያስተምር ጽሑፍ መግቢያ ላይ እውነት ያልሆነ ታሪክ ማስገባት አይገባም።

ሰምና ወርቅን ማንሳት ከተፈለገ በራሱ ይነሣ። ቅኔ ውስጥ ወርቁን መሸፈን ጥበብ ነው፤ ሰሚው እንዲፈታው ታስቦ የተሸፈነ ነውና። ታካሚ ግን የሚፈታው ነገር ሊሰጠው አይገባም።

ክሊኒክ_ማታ

እኔ በሥራው በኩል ልጨምር፤ ምናልባት የምትተረጉሚው ይኸው ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝ «ዲዩቲ ኦፍ ካንደር» የሚባል ሕጋዊ ግዴታ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አለ፤ በስኮትላንድ ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ። ስሙን «እውነቱን ሳይደብቁ የመንገር ግዴታ» ብትዪው ረዘም ይላል እንጂ ማንም ይረዳዋል።

ይዘቱ ይህ ነው። በሕክምና ወቅት ሳይታሰብ ከባድ ወይም መካከለኛ ጉዳት የሚያደርስ ነገር ሲፈጠር፣ ተቋሙ በተቻለ ፍጥነት ለታካሚው በአካል ይነግረዋል፤ ታካሚው ሕፃን ከሆነ፣ ራሱን ካላወቀ ወይም ከሞተ ስለ እሱ ለሚቆመው ሰው። እስካሁን የታወቀውን በትክክል ይናገራል፣ ምን እንደሚጣራ ይገልጻል፣ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ ያንኑ በጽሑፍ ይሰጣል፣ የተባለውንም መዝግቦ ያስቀምጣል። ይቅርታ መጠየቅ በራሱ የሕግ ጥፋተኝነትን ማመን ተደርጎ አይወሰድም፤ ይህን ነጥብ በትርጉሙ ላይ ጎላ አድርጊው፣ ባለሙያ አፉን የሚይዘው በዚህ ፍርሃት ነውና።

በአማርኛ ሲነገር የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ግሱ ላይ ነው። «ስህተት ተፈጥሯል» ሲባል አድራጊው ይጠፋል። «ስህተት ሠርተናል፤ የሰጠንዎት መድኃኒት የሌላ ታካሚ ነበር» መባል አለበት። «ካስቀየምንዎት ይቅርታ»ም ይቅርታ አይደለም፣ «ካ» ነገሩን ወደ ታካሚው ስሜት ታዞረዋለች፤ «ስለ ደረሰብዎት ጉዳት ይቅርታ እንጠይቅዎታለን» ይባል። ሌላው ግምት ነው። ምክንያቱ ገና ካልታወቀ «ምክንያቱን እያጣራን ነው» ብሎ ማቆም፤ ለማጽናናት ተብሎ የተሰጠ ግምት በኋላ ሲፈርስ የመጀመሪያውንም እውነት ውሸት ያስመስለዋል።

አገርኛው ችግር ደግሞ ለታካሚው ሳይሆን ለቤተ ዘመድ መንገር ነው። ታላቅ ወንድምን ኮሪደር ጠርቶ ማንሾካሾክ ለምዶብናል። ራሱን የሚያውቅ አዋቂ ታካሚ ከሆነ መጀመሪያ የሚነገረው ለእሱ ነው፣ ሌላ ሰው አብሮት እንዲቀመጥ ከፈለገ እሱ ይጥራ። ይህ ማለት ግን በድንገት መዘርገፍ አይደለም። መርዶ እንኳ በማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ድምፅን ማለስለስ ይቻላል፤ የማይለሰልሰው ይዘቱ ነው።

ተርጓሚ_አዳማ

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። በዚህ መሠረት አራት ዓረፍተ ነገሮች አስተካክለናል፤ እዩልኝ።

1. «ባለሙያው ለታካሚው ግልጽነት ሊኖረው ይገባል» የነበረው፦ «ባለሙያው የተፈጠረውን ነገር ሳይጠየቅ፣ ሳይሸሽግ ለታካሚው መንገር አለበት።»
2. የደብዳቤው፦ «ስለ ቅንነትዎ አመሰግናለሁ።»
3. «የካንደር ባህል መገንባት»፦ «እውነትን በግልጽ የመነጋገር ባህል መገንባት።»
4. «ካንዲድ ግብረ መልስ»፦ «ቅን ግብረ መልስ።»

ፊደል_ቆጣሪ

ሦስቱ ጥሩ ናቸው። አራተኛው ግን ተገልብጧል፤ መልካምነቱን እንጂ አለመደበቁን አይናገርም። «ቅን አስተያየት» ያልሽው አለቃ «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ብሎ ሊያልፍሽ ይችላል፣ ቅን ስለሆነ። የተፈለገው ጉድለቱንም የሚናገር ነው። «ያልተሸፋፈነ አስተያየት» በዪው። ፈተናውን ራሱን ተጠቀሚ፤ ግብረ መልስ ከተናጋሪው ነው የሚጠበቀው።

ወንጂ_ማዶ

እስማማለሁ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ «በግልጽ» የምትለዋን ብታወጪ ይሻላል፤ «እውነትን የመነጋገር ባህል» በቂ ነው፣ አለዚያ የግድግዳው መፈክር ተመልሶ ይገባል። የቃሉን አነባበብ ለሠልጣኞች የምትጽፉ ከሆነ «ካንደር» ነው፣ ጠብቆ የሚነበበው «ካ» ላይ ነው። «ኮንዶር» የተባለው የደቡብ አሜሪካ ትልቁ ጥንብ አንሳ ነው፣ ምንም አይገናኙም። በጽሑፉ ውስጥ ፊደሉ አንዴ ረዝሞ አንዴ አጥሮ ካገኛችሁት ደግሞ ሁለት ቃል እንዳይመስላችሁ፤ እንግሊዞች መጨረሻው ላይ «ዩ» የምትባለዋን ፊደል ይጨምራሉ፣ አሜሪካኖች ጥለዋታል።

ተርጓሚ_አዳማ

አራተኛውን «ያልተሸፋፈነ አስተያየት» ብዬ ቀይሬዋለሁ፣ «በግልጽ»ም ወጥታለች። በረቂቁ ላይ «ስህተት ተፈጥሯል» የሚል ስምንት ቦታ አግኝቻለሁ፤ አሁን አድራጊውን እየመለስኩ ነው።